ሮጦ ማምለጥ የማይችል ሰው ቤቱ ሲደፈር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ሁለቱም እግሮቼ ደክመዋል። የእግር ብረት አስሬ በክራንች ነው የምሄደው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ልብስ እሰፋለሁ። እዚያው ግቢ የሚኖር ሌላ ተከራይ ጠጥቶ በመጣ ቁጥር በሬን ይደበድባል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት መቀርቀሪያውን ነቅሎ ገባ። ስጮህ የአከራዬ ልጅ ደረሰልኝና አስወጣው። ሲወጣ ‹ሌላ ቀን ማን እንደሚደርስልሽ እናያለን› ብሎኝ ሄደ። ተመልሶ ቢገባ በክራንቼ ብመታው ወይም የፈላ ውሃ ብደፋበት እታሰራለሁ? ሰዎች ‹ሕጉ መጀመሪያ ሽሺ ነው የሚለው› ይሉኛል። እኔ መሸሽ አልችልም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ትራሴ ስር ቢላ አድርጌ ነው የምተኛው።»

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ፤ እንዲያ ይቀለኛል። በወንጀል ጉዳይ ጥብቅና ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከነገሩ በፊት ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ከነገሩ በኋላ ነው፤ ያውም ከማረፊያ ቤት።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። ራስሽን የመከላከል ሙሉ መብት አለሽ። በክራንችም ቢሆን። መሸሽ ስላልቻልሽ ብቻ ማንም ጥፋተኛ ሊያደርግሽ አይችልም። የፈላ ውሃው ግን ያሳስበኛል። ቢላውን ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ሽንኩርት መክተፊያው መልሺው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ሰዎቹ «መጀመሪያ ሽሺ» የሚለውን ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። የወንጀል ሕጋችን፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 78 ላይ ስለ ሕጋዊ መከላከል ይናገራል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። አንድ ሰው በሕግ በተጠበቀ መብትሽ ላይ ሕገ ወጥ ጥቃት እያደረሰ ከሆነ፣ ወይም ሊያደርስ ከተቃረበ፣ ያንን ለመመለስ የምታደርጊው ነገር አያስቀጣሽም። ይህ የሚሆነው ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል ሲሆን ነው። ደግሞም መከላከልሽ ከአደጋው ክብደትና ከምትጠብቂው መብት ትልቅነት ጋር መመጣጠን አለበት።

«በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል» የምትለዋን ነው ሰፈሩ «ሽሺ» ብሎ የተረጎማት። አንቀጹ ውስጥ መሸሽ የሚል ቃል የለም። ጥያቄው፣ ያን ሰዓት፣ እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ለአንቺ ሌላ ምን ቀርቶልሽ ነበር ነው። ጎረምሳ ከሆነ በመስኮት ዘሎ አጥር ሊሻገር ይችላል። ዐቃቤ ሕግም ይህንኑ ይጠይቀዋል። አንቺን ግን በመስኮት ለምን አልዘለልሽም የሚልሽ ሰው ካለ ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ እግርሽ አላወቀም ማለት ነው።

አንቀጽ 78 ውስጥ «አካል ጉዳተኛ» የሚል ቃልም የለም። አንዳንዶች በዚህ ይቆጣሉ። እኔ ብዙም አልቆጣም። የተለየ አንቀጽ ቢኖር ኖሮ ማን ይገባበታል ማን አይገባበትም እያልን ስንከራከር እንኖር ነበር። አሁን ያለው አጻጻፍ ሰፊ ነው። ዳኛው ጉዳዩን በነበረበት ሁኔታ እንዲመዝን ያስገድደዋል። የአንቺ ሁኔታ ደግሞ እግርሽን ይጨምራል፣ ክራንችሽን ይጨምራል፣ አንድ ብቻ የሆነውን በርሽንም ይጨምራል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዳኛው የሚመዝነው ያወቀውን ነው። የእግር ብረት ማታ እንደሚወልቅ ላያውቅ ይችላል። መርማሪውም እንዲሁ። አካል ጉዳተኛ ደንበኞቼ ደግሞ አይነግሯቸውም። ለእነሱ የየቀን ኑሮ ስለሆነ ማስረዳት ያለባቸው አይመስላቸውም። «ገባብኝ፤ መታሁት» ብለው ዝም። በመሃል ያለው ትልቁ ነገር ይቀራል።

እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እንደወትሮሽ ተኚ። ብረቱ በሚቀመጥበት፣ ክራንቹም በሚደገፍበት ይሁን። ከዚያ ስልክሽ ላይ ሰዓት መቁጠሪያውን አስነሺና ተነሺ። እግርሽን በእጅሽ አንስተሽ ብረቱ ውስጥ አስገቢ። ማሰሪያ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ እሰሪ። ጉልበቱ ጋ ያለውን ቆልፊ። ክራንቹን ይዘሽ ቁሚ። ሰዓቱን አቁሚ። ምናልባት ሦስት፣ ምናልባት አራት ደቂቃ ይሆናል። ቁጥሩን ጻፊው። ቀጥሎ ከበሩ እስከ አልጋሽ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለኪ። ሰርቪስ ቤት ስለሆነ ሦስት እርምጃ ቢሆን አይገርመኝም። እሱንም ጻፊው።

አራት ደቂቃ ለአንቺ። ሦስት እርምጃ ለእሱ። እኔ ችሎት ፊት ብቆምልሽ ንግግሬን ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው የምጀምረው።

ወደ ጊዜው እንሂድ፤ መከላከል መቼ ይጀምራል? ጥቃቱ ላይ መሆን ወይም የተቃረበ መሆን አለበት ብያለሁ። ባለፈው ሳምንት «ሌላ ቀን» ብሎ ዝቶብሻል። ያ ዛቻ ነው፤ ራሱን የቻለ ወንጀልም ነው። ግን እሁድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ብትመቺው ሕጋዊ መከላከል አይባልም። ያ ቂም መወጣት ነው። አከራይሽም ጎረቤቶችሽም «ደግ አደረግሽ» ቢሉሽ እንኳ ፋይሉ የሚከፈተው በአንቺ ስም ነው።

ሌሊት በሩን መነቅነቅ ሲጀምርስ? እዚህ ላይ የእኔን አስተያየት ልንገርሽ። ጤነኛ እግር ያለው ሰው እስኪገባበት ጠብቆ፣ ዓይቶ፣ ከዚያ ሊወስን ይችላል። አንቺ እስኪገባ ከጠበቅሽ አልቋል። ከአልጋ ላይ፣ ብረት ሳታስሪ፣ በአንድ እጅ ተደግፈሽ ነው የምትገጥሚው። ስለዚህ ጥቃቱ «የተቃረበ» የሚባልበት ሰዓት ለአንቺ ቀደም ይላል ብዬ እከራከራለሁ። መቀርቀሪያው ሲነቀል አደጋው ደርሷል። በሩ ገና ተዘግቶ ሳለ ግን መሣሪያሽ ድምፅሽ ነው። ጩኺ። ስሙን ጥሪ። «እገሌ፣ በሬን እየሰበርክ ነው፣ ውጣ፣ ፖሊስ ጠርቻለሁ» በይ። ስሙን መጥራት ሁለት ጥቅም አለው። የሰማ ጎረቤት ነገ ለምስክርነት ሲጠራ «ኡኡታ ሰማሁ» ብቻ ሳይሆን ማንን እንደጠራሽ ይናገራል። ሰካራሙም አንዳንዴ ስሙ ሲጠራ ይነቃል።

ጎረቤት ካነሳን፣ አንቀጽ 78 ሌላውን ሰው መከላከልንም ይሸፍናል። የአከራይሽ ልጅ መጥቶ ሰውየውን ገፍትሮ ቢያስወጣው እሱም በሕጉ ጥላ ስር ነው። ይህን ንገሪው። ብዙ ሰው «ጣጣ ውስጥ እገባለሁ» እያለ በሩን ዘግቶ ያዳምጣል። እንዲያውም ሰው በሕይወቱና በአካሉ ላይ ከባድ አደጋ ተደቅኖበት፣ ራሱ አደጋ ላይ ሳይወድቅ መርዳት ሲችል ሆን ብሎ ያልረዳ ሰው በአንቀጽ 575 ይጠየቃል። ይህን ለማስፈራሪያ ሳይሆን ለጨዋታ ያህል ቡና ላይ አንሺላቸው።

አሁን ወደ ተመጣጣኝነቱ። እሱ ባዶ እጁን ነው፣ አንቺ ብረት ክራንች ይዘሻል። ላይ ላዩን ሲታይ ሚዛኑ የተዛባ ይመስላል። አይደለም። ተመጣጣኝ ማለት መሣሪያ ከመሣሪያ ጋር ማለት አይደለም። መሬት ላይ የወደቀች፣ መነሳት የማትችል ሴት ላይ የሚያርፍ የጎልማሳ ጡጫ ሊገድል ይችላል። ክራንቹ ደግሞ ለአንቺ መሣሪያ ከመሆኑ በፊት እግር ነው። እጅሽ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ያርቅልሻል። ሳይደርስብሽ ታስቆሚዋለሽ።

ምን እንደምትጠብቂም ይመዘናል። ሕይወትሽ፣ አካልሽ፣ ክብርሽ ከሆነ ሕጉ ሰፊ ቦታ ይሰጥሻል። ጠጥቶ ሌሊት የሴት ቤት ሰብሮ የሚገባ ሰው ለምን እንደገባ ብዙ መገመት አያስፈልግም። ነገር ግን ስልክሽን አንስቶ ወደ በር የሚሮጥ ሌባ ቢሆን ጭንቅላቱን ብትፈጪው ችግር ነው። ንብረትም በሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ቢሆንም ለስልክ ሲባል ነፍስ አይጠፋም። በኦሪት ሌሊት ሲሰረስር የተገኘ ሌባ ቢሞት የገደለው ሰው ዕዳ የለበትም፣ ፀሐይ ከወጣች ግን ዕዳ አለበት የሚል አለ። አንዳንድ ደንበኞች ይህን ይጠቅሱልኛል። የእኛ ሕግ ግን ሰዓት አያይም። ሌሊት መሆኑ ፍርሃትሽን ያስረዳል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይሰጥሽም።

የፈላ ውሃው ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገርሽ። የፈላ ውሃ ፊት ላይ ሲደፋ ዓይን ያጠፋል፣ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። የሐኪም ማስረጃው ሲመጣ ከባድ የአካል ጉዳት ይላል፤ አንቀጽ 555 ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ መከላከል ሊሆን ይችላል። ሻይ ጥደሽ ሳለ ቢገባብሽና ያገኘሽውን ብትደፊበት እኔ ያለ ጭንቀት እከራከርልሻለሁ። ነገር ግን የዐቃቤ ሕጉ መስቀለኛ ጥያቄ ምን እንደሚሆን አሁኑኑ ይሰማኛል። «ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ውሃ ለምን ተጣደ?» መልስሽ «እሱን ስጠብቅ» ከሆነ መከላከል መሆኑ ቀርቶ ዝግጅት ይመስላል። ደግሞ በክራንች ቆሞ የፈላ ድስት መያዝ... አንቺው ላይ እንዳይደፋ እፈራለሁ።

ቢላውም ያው ነው። ቤት ውስጥ ቢላ መኖሩ ወንጀል አይደለም። የሌለበት ቤትም የለም። ትራስ ስር ሲሆን ግን ዐቃቤ ሕግ «አስባ፣ አልማ፣ ተዘጋጅታ» የሚል ታሪክ ይሠራበታል። ይህን እንኳ ማስተባበል ይቻላል፤ ባለፈው ሳምንት ተሰብሮብሻልና። ከሕጉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቢላ ክንድ ለክንድ ካልተጠጋጉ አይሠራም። እሱ ሁለት እጅ አለው፤ አንቺ በአንዱ ተደግፈሽ ነው። ከእጅሽ ይነጥቅሻል። ከሚጥሚጣ እስከ ፊሽካ ብዙ ነገር ከአልጋ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። ቢላ ግን በመጨረሻ ማን እጅ እንደሚገኝ አይታወቅም።

ሽጉጥ ልግዛ ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የግድ ነው። ያለ ፈቃድ ከተገኘብሽ ጥቃቱን በትክክል ተከላክለሽ እንኳ በመሣሪያው ለብቻ ትጠየቂያለሽ። አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፤ ስለተጠየቅኩት ነው። በሩ እጀታ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማገናኘት፣ ወጥመድ ማጥመድ አይቻልም። ሽቦ ሰው አይለይም። ሰካራሙን ትቶ ጠዋት ዳቦ ይዛልሽ የመጣችውን ልጅ ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። መቼ ነው የምታቆሚው?

እንበል ገባ፤ በክራንች መታሽውና ወደቀ። ለሌላ ሰው ነገሩ እዚህ ጋ ያበቃል። ዘሎት ይወጣል፣ በሩን ከውጭ ይዘጋል፣ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ቢመታው መከላከል አይባልም። የአንቺስ? በሩ ከእሱ ወዲያ ነው። ዘለሽው መውጣት አትችይም። እሱ ለመነሳት ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። አንቺ ከወደቅሽ ግን ያለ ድጋፍ አትነሺም። ስለዚህ «አደጋው አልፏል» የሚባልበት ሰዓት ለአንቺ ከሌላው ሰው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲነሳ ሁለተኛ ብትመቺው፣ እጁን ወደ ክራንችሽ ሲሰድ ሦስተኛ ብትመቺው፣ እያንዳንዱ ምት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ግን መናገር አለብሽ። የሐኪም ማስረጃው የሚቆጥረው ቁስል ብቻ ነው። «ሦስት ቦታ ተመትቷል» ይላል። በምቶቹ መካከል እሱ ምን እያደረገ እንደነበር የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ዝም ካለ፣ እጁን ካነሳ፣ እየተሳበ ወደ በር ከዞረ ግን አቁሚ። ንዴቱ ገና አይበርድልሽም፤ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው እያንዳንዱ ምት የሚቆጠረው በአንቺ ላይ ነው። ክራንቹን ዘርግተሽ «እንዳትጠጋኝ» እያልሽ ጩኺ። ወደ በር ቢሄድ መንገዱን ልቀቂለት። በስተኋላው አትምቺው። የቁስሉ ቦታ ጀርባ ላይ ሲሆን ችሎት ውስጥ ያለው አየር ይለወጣል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ወሰኑን ብታልፊስ? አንቀጽ 79 ስለዚህ ነው። ሕገ ወጥ ጥቃትን ስትመልሺ ከሚያስፈልገው በላይ ከሄድሽ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያለገደብ ያቀልልሻል። የማለፍሽ ምክንያት ጥቃቱ የፈጠረብሽ ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም መረበሽ ከሆነና ይህም ይቅር የሚባል ከሆነ ደግሞ ጭራሹን ሳይቀጣሽ ሊተውሽ ይችላል። ይህችን ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ እወዳታለሁ። ሕግ አውጪው ሌሊት በሩ የተሰበረበት ሰው ሚዛን ይዞ እንደማይቆም ማወቁን ታሳያለች። ለአንቺ ደግሞ የፍርሃቱ ምክንያት እጥፍ ነው። ያ ሰው «ማን ይደርስልሻል» ብሎሽ ነበር።

እግዜር አያምጣውና ሰውየው ቢሞት፣ የክሱ አንቀጽ ሁሉን ይወስናል። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከመከላከል ወሰን አልፎ የተፈጸመ ግድያ ግን በአንቀጽ 541 ነው የሚታየው፤ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። በዋስ ወጥቶ የመከራከር ዕድልም በዚሁ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ክሱ በየትኛው እንደሚቀረጽ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሰጠሽው ቃል ነው።

አንቺ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ይህን ለሚያነብ ዓይነ ስውር ወይም መስማት ለተሳነው ወገን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በራችሁ በሌሊት ተከፍቶ ሰው ሲገባ፣ «ማነህ?» ብላችሁ መልስ ስታጡ ወይም መልሱን መስማት ሳትችሉ ብትመቱና የገባው የእህታችሁ ልጅ ሆኖ ቢገኝስ? አንቀጽ 80 አለላችሁ። በነገሩ እውነታ ላይ ተሳስቶ ያደረገ ሰው የሚዳኘው እሱ በመሰለው ሁኔታ ነው። ጥቃት መስሎት ከሆነ እንደ ጥቃት ይታይለታል። ልክ ነው፣ በትንሽ ጥንቃቄ ሊያውቀው ይችል ነበር ከተባለ በቸልተኝነት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር ምልክት ተነጋገሩ። ሁለት ጊዜ ማንኳኳት፣ አምፖል ማብራትና ማጥፋት፣ ምንም ይሁን። ያ ልማድ በምስክር ከተረጋገጠ ምልክቱን ሳይሰጥ የገባን ሰው ለምን እንደ ባዕድ እንደቆጠራችሁት ያስረዳል።

ነገሩ ከደረሰ በኋላ ያለው ሰዓት ላይ ልቆይ። አዲስ አበባ ከሆንሽ ፖሊስ በ991 ይጠራል። ሰውየው ከተጎዳ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውዪ። አዎ፣ ለእሱ። መከላከል ነበር እንጂ መበቀል እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። ክፍሉን አታስተካክዪ። የወደቀው ወንበር እንደወደቀ ይሁን። ደሙን አትጥረጊ። አንቺም ሕክምና ሂጂና ማስረጃ አሠሪ። ክንድሽ ላይ የቀረው የጣቱ ምልክት ቶሎ ይጠፋል።

ጣቢያ ስትደርሺ ሕገ መንግሥቱ አብሮሽ ነው። በአንቀጽ 19 መሠረት ለምን እንደተያዝሽ በሚገባሽ ቋንቋ ይነገርሻል፤ ያለመናገር መብት አለሽ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ። የኔ ምክር ይህ ነው። ማን እንደሆንሽ፣ ማን እንደገባብሽ፣ ራስሽን እንደተከላከልሽ ተናገሪ። ዝርዝሩን ጠበቃ ሲመጣ፣ ተረጋግተሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳታጎድዪ ተናገሪ።

«ሳታጎድዪ» ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ በዊልቸር የምትሄድ ደንበኛዬ ቃሏን የሰጠችው ጣቢያው በር ላይ ነበር። የመርማሪው ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ባለጉዳይ በአጠገቧ ይመላለሳል። አንዱ ቆሞ ይሰማል። ሰውየው ልብሷን ሊያወልቅ እንደሞከረ አፍራ አልተናገረችም። በኋላ ችሎት ላይ ስትናገር ዐቃቤ ሕጉ «ያኔ ለምን አላልሽም?» አላት። ጥያቄው ፍትሐዊ አልነበረም፤ ግን መልሱን ለማግኘት ብዙ ለፋን። አንቺ እንዲህ እንዳይገጥምሽ ቦታ ይቀየርልኝ በይ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 13 በምርመራ ደረጃም ጭምር ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። መርማሪው ይህን ላያውቅ ይችላል። በትሕትና ንገሪው፤ ቃልሽ ላይም «ቦታ እንዲቀየር ጠይቃለች» ተብሎ ይጻፍ። ዓይነ ስውር ከሆነ የተጻፈው ሳይነበብለት አሻራ አያድርግ። መስማት የተሳነው ከሆነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ መንግሥት በራሱ ወጪ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ወደ ክስ ከሄደና የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ፍርድ ቤቱ «ተከላከዪ» ብሎ ብይን ሊሰጥ ይችላል። ቃሉ ያስቀኛል። ቤትሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ተከላክለሻል፤ ችሎት ላይ ሁለተኛ ትከላከያለሽ። ሁለተኛው የሚሠራው በምስክርና በወረቀት ነው። የአራት ደቂቃዋ ቁጥር እዚህ ጋ ትጠቅማለች። ብረቱን የሠራልሽ ባለሙያ ወይም ሐኪምሽ ቀርቦ ያለ ብረት መቆም እንደማትችዪ ቢያስረዳ ወርቅ ነው።

ሰውየው ካሳ ቢጠይቀኝስ ካልሽ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2039 ራስን ለመከላከል የተደረገ መምታት ጥፋት አይባልም። ይህን አልፈዋለሁ።

እስካሁን የነገርኩሽ ሁሉ ከተመለሰ ነው። ባይመለስ ይሻላል። ለዚያ ደግሞ ያለፈው ሳምንት ነገር በእጅሽ ነው። ቤትሽ ሰብሮ ገብቷል፤ የሰው ቤት መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ወንጀል ነው። ተከራይ መሆንሽ ለውጥ የለውም፤ ክፍሉ የአንቺ ነው። ዝቶብሻል፤ አንቀጽ 580 ነው። ዛቻ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ስለሆነ ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከትሽ መብትሽ ይቀራል። በተለይ ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው መርጦ ማጥቃት ደግሞ በአንቀጽ 84 ቅጣት ያከብዳል። ብዙ ሴቶች «ጎረቤት ነው፣ ሰክሮ ነው፣ ሽማግሌ ይየው» ብለው ይተዉታል። ሽምግልናው ይቅር አልልም። መዝገቡ ግን ይቅደም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር «ከዚህ በፊት አመልክታለች» የምትል አንዲት የመዝገብ ቁጥር ከአስር ምስክር ትበልጣለች።

አንድ ነገር አጣሪልኝ። ባለፈው ሲገባ ክራንችሽን ነክቶት ነበር? አንስቶ ወዲያ አድርጎት ነበር? ይህን ሰዎች እንደ ቀላል ያልፉታል። የአንቺን ክራንች ማራቅ የሌላውን ሰው እግር ከማሰር በምን ይለያል? ነፃነትን መንፈግ ነው፤ ሐሳቡ ምን እንደነበርም ይናገራል። ነክቶት ከነበረ አቤቱታሽ ላይ ይግባ።

የአከራይሽ ልጅ ምስክር ነው፤ አብሮሽ ይሂድ። አዲስ መቀርቀሪያ ዛሬ ይገጠም፤ ከቻልሽ ከአልጋሽ ሆነሽ የምትደርሽበት ቁመት ላይ። አሮጌውን፣ ተነቅሎ የወደቀውን፣ ከነተጣመሙት ብሎኖቹ ሰብስበሽ በፌስታል ያዢ። ጣቢያ ስትሄጂ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጭው።